መሣሪያው እስኪመጣ

«ይሄ ከዚህ ሲቀነስ ያንን ይሰጠናል።» አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ፣ በጠመኔው አንዱን ምልክት ከሌላው እያገናኘ እንዲህ ሲል እናስብ። ቦታው ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወስደው ደጋ ላይ የተቀመጠችው መካነ ሰላም ትሁን፤ በክፍሉ ውስጥም ስድሳ ያህል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ይኑሩ። ከፊት የተቀመጡት የመምህሩን እጅ ተከትለው ነገሩን ያገኙታል። ከኋላ ወንበር ያለው፣ ዐይኑ መድከሙን ራሱም በቅጡ ያልተረዳው ልጅ ጭረቱ እንጂ ፊደሉ አይታየውም። ለዐይነ ስውሩ ተማሪ የደረሱት ሦስት አመልካች ቃላት ናቸው፤ ምንን እንደሚያመለክቱ የሚነግረው የለም። መስማት የተሳናት ተማሪ ከንፈር ለማንበብ ብትዘጋጅ ያገኘችው የመምህሩን ጀርባ ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን በአማርኛ የተማረው የገጠር ልጅ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ያሉት የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃላት የምን ምትክ እንደሆኑ በልቡ ሲፈታ ዐረፍተ ነገሩ አልፎታል። አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አራት ዓይነት ተማሪ ከመንገድ አስቀረች። ለዚህ በጀትን መውቀስ አይቻልም፤ መብራት አልጠፋም፣ የተሰበረ ኮምፒውተርም የለም።

በአገራችን ስለ አካታች ትምህርት ሲወራ ወሬው ብዙውን ጊዜ ከዕቃ ይጀምራል፦ የብሬል ማተሚያ፣ ላፕቶፕ፣ የድምፅ መቅጃ፣ ፈጣን ኢንተርኔት። ዕቃው ከሌለ «ሲመጣ እንጀምራለን» ይባላል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል በማለት ነው። በኮሌጅ ክፍል ውስጥ አካታችነት የሚጀምረው ከመምህሩ ዝግጅት ነው፤ ቴክኖሎጂ የሚያደርገው ያንን ዝግጅት ማብዛት ነው። የማይነበብ ማስታወሻ በመቶ ስልክ ቢሰራጭ መቶ የማይነበብ ማስታወሻ ይሆናል እንጂ አይነበብም።

ከሳይንት እስከ ሻሸመኔ

የአካባቢው ታሪክ ለዚህ ሙግት ጥሩ መነሻ ይሰጣል። በ1974 ዓ.ም በአማራ ሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ በሕመም የዐይኗን ብርሃን አጣች። ፊደል ለመቁጠር ከወሎ ደጋ ወጥታ ሻሸመኔ ወደሚገኘው የካቶሊክ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት መሄድ ነበረባት። በኋላ አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ልጆች ጋር ተማረች፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች፤ በማኅበራዊ ሥራም ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። በአካል ጉዳትና በልማት ላይ የሚሠራ አገር በቀል ማዕከል ከመሠረቱት አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ብዙዎች «አማራጩ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ከተቀበሉት መካከል ነበረች። ይህ ታሪክ ሲተረክ የሚጎላው የአንዲት ሴት ብርታት ነው፤ ብርታቱም እውነት ነው። ከብርታቱ ጀርባ ያለው ርቀት ግን ብዙም አይነሳም። ሕፃኗ የተጓዘችው በአገሯ የሚያስተምራት ስላልነበረ ነው፤ ያልተጓዙት ደግሞ ስማቸውን አናውቀውም።

ዛሬ ያ ደጋ የራሱ ዩኒቨርሲቲ አለው። አራተኛ ትውልድ ከሚባሉት አንዱ የሆነው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ ካምፓሶች ያስተምራል። ለሳይንት፣ ለቦረና፣ ለወግዲ ወይም ለከላላ ልጅ የኪሎ ሜትሩ ርቀት አጥሯል ማለት ነው። የቀረው በወንበሩና በሰሌዳው መካከል ያለው ርቀት ነው፤ እርሱን የሚያሳጥረው አስፋልት አይደለም።

ይህን ርቀት ማሳጠር ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ሐሳብም አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የቆሎ ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚባለው ከመሸ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ያለ መብራት ይካሄዳል። የበሰለው ተማሪ ይሰጣል፣ ጀማሪው ይቀበላል፣ ስሕተቱ በጆሮ ይታረማል። በጨለማው ውስጥ የሚያየውና የማያየው እኩል ናቸው፤ ከዐይነ ስውራን መካከል ስመ ጥር መሪጌቶችና የቅኔ መምህራን የወጡት በዚህ መንገድ ነው። እንደ ጀማ ንጉሥ ባሉት የወሎ የእስልምና ማዕከላትም መንዙማ ማንበብ ለማይችለው ሰው ትምህርትን በዜማ አድርሷል። ይህን ማሞገስ ብቻ ግን ትርጉሙን ማሳሳት ይሆናል። ያ ሥርዓት አለንጋ ነበረው፤ ሴቶችን በአብዛኛው ውጭ አስቀርቷል። ዐይነ ስውሩን ያስገባውም የርኅራኄ መመሪያ ኖሮት ሳይሆን ትምህርቱ በድምፅ ላይ ስለተሠራ ነው። በዚያው ምክንያት መስማት ለተሳነው በሩ ዝግ ነበር። ትምህርቱ አንድ መግቢያ ብቻ ካለው፣ ያ መግቢያ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን አንዱን አስገብቶ ሌላውን ያስቀራል።

ከአንድ በላይ በር

ይህንኑ ሐሳብ ዘመናዊው ጥናት «ሁሉን አቀፍ የትምህርት ንድፍ» ብሎ ሥርዓት አበጅቶለታል። መነሻው ሥነ ሕንፃ ነው። አሜሪካዊው አርክቴክት ሮናልድ ሜስ ሕንፃ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለአካል ጉዳተኛ መወጣጫ ከመለጠፍ ይልቅ ከመሠረቱ ለሁሉም እንዲሆን መንደፍ ይሻላል ሲል ተከራከረ። ለተሽከርካሪ ወንበር የተሠራውን ተዳፋት መግቢያ ኩንታል የሚገፋውም፣ ጉልበቷ የደከመ እናትም ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የተመሠረተው ካስት የተባለ ድርጅት ሐሳቡን ወደ ክፍል አመጣው፤ መመሪያውንም እስከ 2024 ድረስ በተደጋጋሚ አሻሽሎ አውጥቶታል። ፍሬ ነገሩ ሦስት ነው፦ ተማሪው ለመማር የሚነሳሳበት መንገድ፣ ትምህርቱ የሚቀርብበት መንገድ፣ ተማሪውም ያወቀውን የሚያሳይበት መንገድ ከአንድ በላይ ይሁን። አንድ ቀመር በሰሌዳ ሲጻፍ በቃልም ከተነበበ፣ አስቀድሞም በጽሑፍ ከተሰጠ በሩ ሦስት ሆነ።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም አጽድቃለች። ከዚያ አስቀድሞ በ2001 ዓ.ም የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ክፍል እንዲቀይሩ፣ አማራጭ የፈተና ዘዴ እንዲያበጁ፣ የማጠናከሪያ ትምህርትና ተጨማሪ የፈተና ጊዜ እንዲሰጡ ይጠይቅ ነበር። በ2011 ዓ.ም አዋጅ 1152 ተክቶታል። የቀድሞው አዋጅ ግን ግዴታዎቹን «በተቻለ መጠን» እና «ሀብት በፈቀደ መጠን» ከሚል ገደብ ጋር አስሯቸው ነበር። በደሃ አገር ሕግ ይህ ገደብ የሚያስገርም አይደለም። ችግሩ በልማድ ከሕንፃና ከዕቃ አልፎ ወደ ሁሉም ነገር መዛመቱ ነው። ፊትን ወደ ተማሪ አዙሮ መናገር የትኛውን ሀብት ይጠብቃል? በፈተና ላይ ሰላሳ ደቂቃ መጨመርስ? ሀብት የሚጠይቀውንና የማይጠይቀውን ካልለየን ገደቡ ለሁሉም ነገር ማምለጫ ይሆናል።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ማን ነው?

«በእኔ ክፍል አካል ጉዳተኛ የለም» የሚል መምህር ይኖራል። የአገሪቱ ቁጥሮች ግን ነገሩ ከአካል ጉዳት እንደሚሰፋ ይናገራሉ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ። ዩኒቨርሲቲዎች ከዚያ ወዲህ የማለፊያ ነጥብ ያላገኙ ብዙ ተማሪዎችን በአቅም ማሻሻያ፣ ተማሪው «ሬሜዲያል» በሚለው ፕሮግራም፣ ተቀብለው አስተምረዋል። መውጫውም ጠባብ ነው፤ በ2015 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም መስክ የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። ፈተናው በኮምፒውተር፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ «መደበኛ ተማሪ» የሚባለው ሰው፣ ማለትም የመምህሩን እንግሊዝኛ በንግግር ፍጥነት የሚከተል፣ በኮምፒውተር ያደገ፣ መሠረቱ የጠነከረ ተማሪ፣ በክፍሉ ውስጥ አናሳ ነው። ለእርሱ ብቻ የተዘጋጀ ሌክቸር የተዘጋጀው ለጥቂቶች ነው።

ሌላ መንገድ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣስ ማስረጃ አለ? አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪው ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ የኮሌጅ ትምህርቶች ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ መዘኑ። በሌክቸር ብቻ በሚሰጠው ክፍል 33.8 በመቶ ተማሪ ሲወድቅ፣ ተማሪው በሚጠየቅበት፣ በሚወያይበትና በሚሠራበት ክፍል የወደቀው 21.8 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤሊ ቴዎባልድና የባልደረቦቿ ትንተና ደግሞ የእኛን ጥያቄ በቀጥታ ይነካል፦ በአሜሪካ ኮሌጆች ዕድል ካጡ ማኅበረሰቦች በመጡ ተማሪዎችና በሌሎች መካከል የነበረው የፈተና ውጤት ልዩነት በአሳታፊ ትምህርት በ33 በመቶ ጠበበ። ልዩነቱ በግልጽ የጠበበው ግን ከክፍለ ጊዜው ሁለት ሦስተኛው ያህል ለተማሪው ሥራ በተሰጠበት ክፍል ነው። በዓመት አንዴ የሚሰጥ የቡድን አሳይመንት ይህን አያመጣም። እጅግ ትንሿ ማስረጃ ደግሞ የምትገርም ናት። ተመራማሪዋ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳየችው መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ነበር። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያስረዝሙት መልሶቹ ረዘሙ፤ ያለወትሯቸው እጅ የሚያወጡም በዙ። በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ለሚመልስ ተማሪ እነዚያ ሁለት ሰከንዶች የትርጉም ጊዜው ናቸው።

ፋይሉ ይነበባል?

ወደ ቴክኖሎጂው ስንመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ተማሪው ምን ዓይነት ስልክ እንዳለው ሳይሆን የመምህሩ ሃንድአውት ምን ዓይነት ፋይል እንደሆነ ነው። በኮሌጆቻችን የሚዞረው ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ከፎቶ ኮፒ በስልክ የተነሳ ፒዲኤፍ ነው። ለሚያይ ሰው ጽሑፍ ይመስላል፤ ለማሽኑ ግን ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሚሠራው ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ የስክሪን አንባቢ፣ ወይም በአንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለው ቶክባክ እንዲህ ያለው ገጽ ላይ ሲደርስ የሚያነበው ፊደል አያገኝም። ለአማርኛ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የእኛን ፊደላት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ነበሩ። በእነርሱ የተጻፈ ማስታወሻ ለዐይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ የስክሪን አንባቢ ሲያነበው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድርድር ይወጣል። በስልክ ቃል መፈለግም፣ ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስም አይቻልም። ስለዚህ መምህሩ ምንም ሳይገዛ ሊያደርገው የሚችለው የመጀመሪያ የቴክኖሎጂ እርምጃ ይህ ነው፦ ማስታወሻውን በዩኒኮድ መጻፍ፣ ርዕሱን በርዕስ ስልት ማበጀት፣ ሥዕሉን በሁለት መስመር ቃላት መግለጽ፣ ከክፍሉ ሁለት ቀን ቀድሞ መስጠት። ያው ፋይል ለዐይነ ስውሩ ድምፅ ይሆናል፤ መስማት ለተሳናት መምህሩ የሚናገረውን ይተካል፤ እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረውም መዝገበ ቃላት የሚያይበት ጊዜ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው እርምጃ ያለ ኔትወርክ የሚሠራውን ማስቀደም ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ ኦንላይን መማር እንደ መድኅን ተነግሮለት ነበር። ከ2015 ዓ.ም ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ትምህርቱን በሙሉ በኔትወርክ ላይ የጫነ መምህር በእነዚያ ወራት ባዶ እጁን ይቀራል። የድምፅ መሣሪያዎቹም ይህንኑ ያስተምራሉ። ማይክሮሶፍት «መቅደስ» እና «አምሃ» ያላቸው ለሰው ድምፅ የቀረቡ የአማርኛ አንባቢዎች ጥሩ ናቸው፤ የሚመጡት ግን በኢንተርኔት ነው። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ ድምፁ ሻካራ፣ አነጋገሩም የማሽን ነው፤ ነገር ግን ኔትወርክ በሌለበት ሌሊትም ያነባል። በመካነ ሰላም ሚዛን ሻካራው ይቀድማል። እንዲሁም ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ሙሉውን የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ በ100 ጊጋባይት ገደማ ቦታ ይይዛል፤ ኮሊብሪ የተባለውም ትምህርቶችን ከአንድ ኮምፒውተር በግቢው ዋይፋይ ያለ ኢንተርኔት ያከፋፍላል። ቴሌግራም ሲኖር ይጠቅማል፤ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ግን ሁልጊዜ ይሠራሉ።

ተቃውሞዎቹ

የመጀመሪያው ተቃውሞ የጊዜ ነው፤ ብዙ ክፍለ ጊዜ ለሚይዝ፣ ደመወዙ ወር ለማያደርሰው መምህር ይህ ሁሉ ተጨማሪ ሸክም ነው። ተቃውሞው ሚዛን ይደፋል። ስለዚህም ነው ሁሉን በአንድ ጊዜ መጠየቅ የማይገባው። አንድ ማስታወሻ አንዴ ከተስተካከለ ለዓመታት ያገለግላል፤ በአንድ ሴሚስተር አንድ ምዕራፍ የሚያስተካክል መምህርም በጥቂት ዓመታት ኮርሱን ይጨርሳል። ዲፓርትመንት ሥራውን ቢከፋፈል ደግሞ ጊዜው ያጥራል።

ሁለተኛው «ደረጃውን ያወርዳል» የሚለው ነው። መልሱ ፈተናው የሚለካው ምንድን ነው በሚለው ላይ ይንጠለጠላል። የአንድ ነርስ ፈተና መድኃኒት በፍጥነት ማስላትን የሚለካ ከሆነ ፍጥነቱ የሙያው አካል ነው፤ ጊዜ መጨመር አይገባም። የሕግ ፈተና ግን የሚለካው ሙግትን መመዘን ከሆነ፣ በብሬል ወይም በጆሮ የሚያነበው ተማሪ ተጨማሪ ጊዜ ሲያገኝ የተነካ ደረጃ የለም፤ የተወገደው ከሙያው ውጭ የሆነ ፈተና ነው። መምህር እያንዳንዱን ጥያቄ በዚህ ወንፊት ቢያበጥረው ደረጃው እንዲያውም ይጠራል።

ሦስተኛው ከልምድ የመጣ ምሬት ነው፦ «አሳታፊ ትምህርት አይተነዋል፤ አንድ ለአምስት ነበር።» በብዙ ግቢ አንድ ለአምስት የተባለው የተማሪዎች አደረጃጀት ማለት ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይፈርማሉ፣ ቃለ ጉባኤው ይሞላል ማለት ሆኖ ነበር። መምህራን ኤችዲፒ በተባለው የማስተማር ሥልጠና የተማሩት ዘዴም ብዙ ጊዜ ከፖርትፎሊዮው ውጭ አልወጣም። ነገር ግን የወደቀው የቡድን ሥራ ሳይሆን ተጠያቂነት የሌለው የቡድን ሥራ ነው። በቆሎ ትምህርት ቤት የተማረው ሰው ልዩነቱን ያውቃል፤ እዚያ የተቀበለውን ራሱ ካልመለሰ የሚያልፍ የለም። ከቡድኑ ማንም ሊጠየቅ እንደሚችል ካወቀ፣ ለእያንዳንዱም የራሱ ድርሻ ከተሰጠ ፊርማ አይበቃም። ስለ ሁሉን አቀፉ ንድፍ ያሉት ጥናቶች ጥራታቸው የተለያየ መሆኑም እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ከውጤት ይልቅ እርካታን ይለካሉ። ስለዚህ ንድፉን እንደ ሃይማኖት መቀበል አያስፈልግም። እያንዳንዱን እርምጃ በራሱ መዝኖ፣ በክፍሉ የሠራውን መያዝ ይበቃል።

ከባዱ ተቃውሞ የመጨረሻው ነው፦ ሸክሙን በመምህሩ ላይ መጣል መንግሥትንና ተቋማትን ነፃ ያወጣል። አያወጣም፣ ሊያወጣም አይገባም። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መምህሩ በትጋቱ ሊተካው አይችልም፤ የብሬል ወረቀትም፣ ተዳፋት መግቢያም፣ የሠለጠነ ባለሙያ ያለበት የድጋፍ ማዕከልም እንዲሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማሩ እንዲህ ያለው ሥራ ተቋም እንደሚጠይቅ ያሳያል። ዝግጅትን ማስቀደም ይህን ጥያቄ ያጠነክረዋል። የድርሻውን የሠራ ዲፓርትመንት «ፋይላችን ይነበባል፣ ፈተናችን ተስተካክሏል፤ የጎደለን አስተርጓሚ ነው» ብሎ የጎደለውን በስም መጠየቅ ይችላል። ምንም ያልጀመረ ግን የሚጠይቀው «ድጋፍ» ነው፤ ድጋፍ በጥቅሉ ሲጠየቅ የሚመጣው ዕቃ ነው፣ ዕቃውም መጋዘን ይገባል።

ወደዚያ ኢኮኖሚክስ ክፍል እንመለስ። መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ወደ ተማሪዎቹ ዞሯል። «ጠቅላላ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ሲቀነስ ትርፉን ይሰጠናል» ይላል፤ ሦስት ሰከንድም ይጠብቃል። ሦስቱ አመልካች ቃላት በሦስት ስሞች ተተኩ። ከኋላ ያለው ልጅ ያልታየውን ሰማ፤ ዐይነ ስውሩ ማስታወሻው ላይ የሚያሰፍረው ነገር አገኘ፤ መስማት የተሳናት ከንፈሩንም ቀድሞ የደረሳትን ፋይልም አነበበች፤ የገጠሩ ልጅ ምሕጻረ ቃሉን ከአማርኛ ስሙ አጋባው። ለዚህ የመጣ ዕቃ የለም። ዕቃው ነገ ቢመጣ ግን የሚያበዛው ነገር አግኝቷል።